94 ብሎ የጻፈው ልጅ፦ ለጀማሪ የኬሚስትሪ ላብ መምህራን

ሰሞኑን አንድ ረዳት መምህር «የተማሪው ውጤት ማኑዋሉ ላይ ካለው ከራቀ ስንት ማርክ ልቀንስበት?» አለኝ። ጥያቄው ተራ ነው፤ እኔን ግን አንድ የፍሬሽማን ሪፖርት አስታወሰኝ። ሥራው የውሃን ነጥበ ፍሌት፣ ማለትም የሚፈላበትን ሙቀት፣ መለካት ነበር። ልጁ 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብሎ ጻፈ፤ እኔ በቀይ ሰርዤ 100 አልኩት። ከዚያ ወዲያ ንባቡን ሁሉ ከመጽሐፍ ጋር እያስማማ ያመጣ ጀመር፤ እኔም ሙሉ ማርክ ሰጠሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልክ የነበረው እሱ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ 101.3 ኪሎፓስካል ሲሆን እዚህ 82 አካባቢ ነው። ውሃ የሚፈላው የተኑ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲተካከል ስለሆነ ጣና ዳር 94 ላይ ይንተከተካል። እሳት ቢጨመርበት ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ደብረ ታቦር ወጥታችሁ ብታፈሉት ወደ 91 ይወርዳል፤ እዚያ ንፍሮ የምትቀቅል እናት ነገሩን ከማኑዋሉ ጸሐፊ በተሻለ ታውቀዋለች።

ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ አለመሆኑስ በምን ይታወቃል? በበረዶ። ከጭማቂ ቤት የተገዛ በረዶ ጨፍልቃችሁ ቢከር ሙሉበት፤ ክፍተቱን ብቻ የሚሞላ የተጣራ ውሃ ጨምሩና አማስሉ። የበረዶ መቅለጫ በከፍታ ብዙም አይነካም። 0 ካሳየ፣ 94ቱንም እመኑት። በውስጡ ያለው የፈሳሽ መስመር የተቆራረጠ ቴርሞሜትር አስቀድማችሁ ለዩ። ጫፉ የቢከሩን ወለል ከነካ የምድጃውን ሙቀት ስለሚያነብ በማቆሚያ ይንጠልጠል።

ከዚህ የባሰው የማግኒዚየም ሥራ ነው፤ ብረቱ በአሲድ ሲሟሟ የሚወጣው ሃይድሮጂን ይለካና የጋዞች ቋሚ ቁጥር (R) ይሰላበታል። 0.04 ግራም ሪባን (ቀጭን የማግኒዚየም ጥብጣብ) በ50 ሚሊሊትር የጋዝ ቱቦ የሚያዝ ማኑዋል ካጋጠማችሁ አትከተሉት። በ25 ዲግሪ ከ82 ኪሎፓስካሉ ላይ የውሃው ተን 3.2 ይወስዳል፤ ለሃይድሮጂኑ የሚቀረው 78.8 ነው። በጠረፍ ከ42 ሚሊሊትር የማያልፈው ጋዝ እዚህ 52 ይሆንና ከቱቦው ሥር እየተንቦጫረቀ ያመልጣል። ተማሪው ራሱን ይረግማል እንጂ ጥፋቱ የሱ አይደለም። 0.03 ግራም አድርጉት፤ 39 ገደማ ይሰጣችኋል። ሚዛናችሁ ይህን ያህል ካልለየ 1 ሜትር ሪባን መዝኑና በርዝመት አካፍሉ።

ሪባኑ ከመመዘኑ በፊት በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ ይንጣ፤ ጥቁሩ ሽፋን ሚዛን ላይ ይቆጠራል እንጂ ሃይድሮጂን አይሰጥም። በቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠፍሩት፤ ካመለጠ ወደ ላይ ይንሳፈፍና ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ሳያልቅ ይቀራል። ቱቦው ውስጥ በመጀመሪያ 10 ሚሊሊትር 6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ከዚያ እንዳይደባለቅ በጎን በኩል ቀስ እያላችሁ ውሃ። ሪባኑን ከቱቦው አፍ አጠገብ አንጠልጥላችሁ ውሃ ውስጥ ስትገለብጡት አሲዱ ክብደቱ ይዞት ወደ ሪባኑ ይወርዳል። ጋዙ መውጣቱን ሲያቆም እስኪቀዘቅዝ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ቀጥሎ ቱቦውን ጥልቅ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ የውስጡና የውጪው ውሃ እኩል እስኪሆን ከፍ ዝቅ አድርጉት። ተማሪ የሚዘልለው ይህን ነው፤ ውሃው እኩል ካልሆነ የቱቦው ግፊት የአየሩ ግፊት አይደለም።

ስለ መነጽርና ጋውን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

የዛሬ ልጆች ግፊት ፈልጉ ሲባሉ ስልክ ይከፍታሉ፤ የአየር ጠባይ ገጹ 1,015 ሄክቶፓስካል ይላቸዋል። ያ ወደ ባሕር ወለል ተቀይሮ የተሰላ ነው። በሱ ካሰሉ 0.082 መሆን የነበረበት የጋዞች ቋሚ ቁጥር 0.102 ይወጣል። ስልክ ላብ አይግባ የምለው ለዚህ ነው። ነገር ግን አንዳንዱ ስልክ በውስጡ የግፊት መለኪያ አለው፤ ጥሬ ንባቡ 820 ሄክቶፓስካል (82 ኪሎፓስካል) አካባቢ ከሆነ ተጠቀሙበት። ስለዚህ እሱ ይግባ።

ስንት ልቀንስ ላልከኝ፦ በስሌቱ ስህተት ቀንስ፣ በንባቡ አትቀንስ። እርሳስና ላጲስ ከላብ ይውጡ፤ የተሳሳተው ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዝና ከሥሩ ይነበብ። ተማሪ ከመግባቱ በፊት ጠዋት ራስህ ውሃ አፍላ። ያገኘኸውን ቁጥር ሰሌዳ ላይ አትጻፈው፤ ኪስህ ውስጥ ይቆይ።