ካንሰሩ እየቀነሰ መገጣጠሚያው ለምን አበጠ? የሳምንቱ ጥያቄዎቻችሁ

የዚህ ሳምንት አራት ጥያቄዎች ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ኢሚውኖቴራፒ የሚባለውን የካንሰር ሕክምና ስለሚከተለው የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም። አጣዳፊው ይቅደም።

«አባቴ ሁለተኛውን መርፌ ከወሰደ ሦስት ሳምንት ሆነው። ብዙም አያመውም፤ ግን ከበርጩማ ሲነሳ ሰው መደገፍ አለበት፣ አንድ የዓይን ቆቡም ወርዷል። ድካም ነው?» (ከባሕር ዳር)

ድካም ነው ብለህ አትተወው። ዛሬውኑ ይዘኸው ሆስፒታል ሂድ። መድኃኒቱ ጡንቻን ሲያስቆጣ እንዲህ ይጀምራል። የልብና የመተንፈሻ ጡንቻ አብሮ ከተነካ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። መዋጥ ካስቸገረው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን አትጠብቅ። የልብ ምርመራና ሲኬ የሚባለውን፣ የጡንቻ ጉዳት የሚያሳየውን የደም ምርመራ ጠይቅ፤ የወሰደውን መድኃኒት ስም በወረቀት ይዘህ ግባ።

«እናቴ ህንድ ታክማ ፔምብሮሊዙማብ የሚባለውን ኢሚውኖቴራፒ ጀመረች። አሁን ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አብጠው ቡና መውቀጥ አልቻለችም፣ ሻሽ ለማሰርም እጇ አይነሳም። ጎረቤቱ ሁሉ ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው ይላል።» (ከዘጌ)

የጣና ነፋስ አይደለም እህቴ፤ መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። ካንሰር የሰውነታችንን መከላከያ ሴሎች ፍሬን ይዞ ያቆማቸዋል፣ ይህ መድኃኒት ፍሬኑን ያስለቅቃል። ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ኖቤል የተሸለሙት በዚህ መንገድ ግኝት ነው። ፍሬኑ ከተለቀቀ በኋላ ግን ሴሎቹ ካንሰሩን ብቻ መርጠው አይመቱም፤ የመገጣጠሚያውንም ስስ ሽፋን ያጠቃሉ። ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ተገትሮ የሚቆይና ሲንቀሳቀሱ ለቀቅ የሚል ሕመም፣ እብጠትና ሙቀት ሲጨመርበት፣ ወደዚህ ያመለክታል። ከሳምንታትም ከወራትም በኋላ፣ አንዳንዴ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ይመጣል። ሩማቶይድ ለሚባለው የተለመደ የመገጣጠሚያ ቁጣ የሚደረገው የደም ምርመራ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም፣ ስለዚህ «ደሟ ንጹህ ነው» ብለው ቢመልሷችሁ እዚያ ላይ አትቁሙ። ካንሰሩ አጥንት ላይ ደርሶም ሊያም ስለሚችል ሐኪሙ ያንንም ያጣራ።

«ለሐኪሜ ብናገር መርፌውን ያቆምብኛል ብዬ ፈርቼ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ከፋርማሲ እየገዛሁ እውጣለሁ።» (ከጢስ ዓባይ መንገድ)

ፍርሃትህ ይገባኛል፤ ይህን መድኃኒት ለማግኘት መሬት የሸጠ ቤተሰብ አውቃለሁ። ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ አንተ እንደምታስበው አይደለም። ሕመሙ ቀላል ሲሆን መርፌው ይቀጥላል፤ ሲበረታ በቀን ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን የሚባል ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት ይጨመራል፤ የሚቋረጠው በአብዛኛው በጣም ሲከፋ ነው፣ ለጊዜው ብቻ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የሚያስፈራኝ ዝምታህ ነው። የተቆጣ መገጣጠሚያ ካልታከመ ለዘለቄታው ሊበላሽ ይችላል፣ ዳይክሎፌናኩም ጨጓራህንና ኩላሊትህን ይጎዳል፣ ኩላሊትን ደግሞ ኢሚውኖቴራፒውም ሊያስቆጣ ስለሚችል በሁለት በኩል ትመታለህ። ፕሬድኒሶሎንንም በራስህ አትግዛ፤ ለሳምንታት ከወሰድከው በኋላም በአንድ ቀን አታቁመው፣ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ከዚያ ጠንከር ያለ መድኃኒት ከታዘዘልህ ቀድመህ የቲቢና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አድርግ፤ ተደብቀው የቆዩ ከሆነ ሊቀሰቀሱ ይችላሉ።

«ዋንዛዬ ፍል ውሃ ብወስዳትስ?» (እናቷን የምታስታምም)

ሙቀት የተገተረ መገጣጠሚያን ያላላል፣ ደስም ይላታል። ነገር ግን መጀመሪያ ሐኪሟን አማክሪ፤ ትኩሳት ካላት፣ ቁስል ካለባት፣ ወይም መድኃኒት የሚሰጥበት ቱቦ ሰውነቷ ላይ ካለ አትግባ። መገጣጠሚያው ቀልቶ የሚያቃጥል ከሆነም ይቆይ። ፍል ውሃም ሆነ ጠበል ስትሄዱ መድኃኒቷን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያም በሰዓቱ ትዋጥ።