የጣና ዳር የሠርግ ቦታን እንዴት እንመዝን?

ጥያቄ፦ እህቴን ከጥምቀት በኋላ በባሕር ዳር ለመዳር ተዘጋጅተናል። በጣና ዳርቻ ያየነው የሠርግ ቦታ ባለቤት «500 ሰው ይይዛል» ይላሉ፤ 400 እንግዶቻችንን በምቾት እንደሚያስተናግድ በምን እናረጋግጥ?

መልስ፦ የተነገረዎት ቁጥር ወንበር ብቻ ተደርድሮ የተሰላ ሊሆን ስለሚችል ቦታውን በሜትር ያስለኩት። በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ለሚቀመጥ አንድ እንግዳ፣ የአስተናጋጆችን መተላለፊያ ጨምሮ፣ ከ1.2 እስከ 1.5 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚያስፈልግ፣ ለ400 ሰው መቀመጫ ብቻ ከ480 እስከ 600 ካሬ ሜትር ይፈለጋል፤ የሙሽሮቹ መድረክ፣ የቡፌው መስመርና የጭፈራው ቦታ ከዚህ ውጭ ናቸው። እስክስታ መውረጃ የሌለው ሠርግ፣ በእኔ ግምት፣ ግማሽ ሠርግ ነው።

ቦታውን ሠርጉ በሚካሄድበት ሰዓት ሄደው ይዩት እንጂ ጠዋት ብቻ አይተው አይወስኑ። ጠዋት ረግቶ የሚታየው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሊያነሣ ስለሚችል የድንኳኑን አወጣጠር ይመርምሩ፤ ሲመሽም የመብራት ብርሃን ነፍሳትን ስለሚስብ ደማቁ መብራት ከምግቡ ራቅ ብሎ እንዲተከል ይጠይቁ። ጄኔሬተር አለ መባሉም አይበቃም፤ አስነሥተው መብራቱን፣ ድምፅ ማጉያውንና ማቀዝቀዣውን አንድ ላይ መሸከሙን ይመልከቱ።

ሙስሊም እንግዶች ካሉዎት ምግባቸው በተለየ ዕቃና በተለየ ስፍራ የሚሰናዳበት ማድ ቤት መኖሩን ያረጋግጡ። ጥር የሠርግ ወር በመሆኑ፣ በዚያው ቀን በግቢው ሌላ ሠርግ እንደማይስተናገድ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት በውሉ ላይ ያስጽፉ።