ፊርማው ሆቴል፣ ድምፁ ሰፈር

ልጆቼ፣

ባሕር ዳር ላይ በጥብቅና ሥራ ነው የሸመገልኩት። እንጀራዬ ውል ነው። የቤት ሽያጭ፣ የሽርክና፣ የፍቺ። አልፎ አልፎ ደግሞ ፓርቲ የሚያቋቁሙ፣ የሚጣመሩ፣ ቆይተውም የሚፋቱ ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው ቢሮዬ ይመጣሉ። ፖለቲካውን ለእነሱ ትቼ ወረቀቱን አነባለሁ። ብዙው የጥምረት ሰነድ የሁለት እህል ነጋዴዎችን የሽርክና ውል ያህል እንኳን ጥንቃቄ የለውም። ስለ ሀገር አንድነት ሁለት ገጽ ይወርዳል። በየትኛው ምርጫ ክልል ማን ለማን እንደሚለቅ ግን አንድ መስመር አይገኝበትም። መጨረሻ ላይ አንዱ ተነስቶ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ይላል። ይጨበጨባል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይበተናል።

በተቃዋሚ ፓርቲ ውስጥ የምትሠሩ ልጆቼ፣ ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ "ተቃዋሚ የማያሸንፈው ሜዳው ዝግ ስለሆነ ነው ወይስ እኛው ስለማንረባ?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ሁለቱም ነው። ስለ ሜዳው እናንተም ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። ክልላችን ከ2015 ክረምት ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ሆኖ ስለ ምርጫ ማውራት ደግሞ "እዬዬም ሲደላ ነው" የሚያሰኝ መሆኑ ይገባኛል። ተኩስ ባለበት ቤት ለቤት ሂዱ አልላችሁም። የምጽፍላችሁ ሰላም በወረደ ቀን ባዶ እጃችሁን እንዳትገኙ ብዬ ነው። እናም ስለ ሁለተኛው፣ ስለራሳችን ነው የማወራው።

መጀመሪያ ሕጉን ልብ በሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 በምርጫ ክልሉ ካሉት ተወዳዳሪዎች አብላጫ ድምፅ ያገኘው ይመረጣል ይላል። ግማሽ ሲደመር አንድ አይልም። ከሌሎቹ መብለጥ ይበቃል። መቶ ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አንዱ 40 አገኘ፣ ሁለተኛው 32፣ ሦስተኛው 28። ባለ 40ው ፓርላማ ይገባል። ስድሳ ሰው "አልፈልግህም" ያለው ሰውዬ ማለት ነው። ባለ 32ቱና ባለ 28ቱ ደግሞ ቡና እየጠጡ "ሕዝቡ አልገባውም" ይባባላሉ። ሕዝቡ በደንብ ገብቶታል። ያልገባቸው እነሱ ናቸው።

ይህ ሥርዓት ተበታትኖ የመጣን አይምርም። ተሰብስቦ የመጣን ግን አንዳንዴ ከሚጠብቀው በላይ ይክሳል። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ብዙዎቻችሁ አልተወለዳችሁም፤ የተወለዳችሁትም ዳዴ ትሉ ነበር። ምርጫው ወራት ሲቀሩት አራት ፓርቲዎች ቅንጅት ብለው ተሰባሰቡ። አንድ ምልክት፣ ሁለት ጣት። አዲስ አበባ ላይ 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ወሰዱ፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን። ከዚያ የሆነውን ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ ደም ፈሰሰ፣ መሪዎቹ ታሰሩ። ከእስሩ ሌላ ግን በራሳቸው ቤትም ስንጥቅ ነበር። ጥምረቱን ወደ አንድ ፓርቲ ማዋሃድ ላይ ሲደርሱ ተጣሉ። ከእስር ሲወጡም ተከፋፈሉ፤ ስሙና ምልክቱ የማን ነው የሚል ክርክር ተነሳ።

በዚያው ሰዓት ከ1997 የተማረው ያኔ ገዢ የነበረው ኢሕአዴግ ነበር። አባላቱን ወደ ሚሊዮኖች አሳደገ። አንዱ አምስት ሰው እንዲይዝ፣ አንድ ለአምስት እያለ እስከ ጎጆው ድረስ ወረደ። ግማሹ ማባበል፣ ግማሹ ማስገደድ ነበር፤ እሱን የሚመስል ሥራ ሥሩ አልላችሁም። ነገር ግን ምርጫ የሚያሸንፉትም የሚሸነፉትም ሰፈር ውስጥ እንደሆነ ገብቶታል። በ2002 ከ547 ወንበሮች ከኢሕአዴግና ከአጋሮቹ እጅ ያመለጡት ሁለት ብቻ ነበሩ። በ2007 እነሱም አልተረፉም።

እና አንድነት ብቻውን ይበቃል? አይበቃም። ኢዜማ በ2011 ሰባት ፓርቲዎች ከስመው የተፈጠረ ነው፤ መዋቅሩንም በምርጫ ወረዳ ነው የዘረጋው። አካሄዱ ትክክል ነበር። አብንም በ2010 ሰኔ እዚሁ ከተማችን ሲመሠረት የወጣቱን ሙቀት ያየ ያውቀዋል። በ2013 ምርጫ አብን 5፣ ኢዜማ 4 ወንበር አገኙ። ሌላው ሌላው ምክንያት እንዳለ ሆኖ፣ ሰፈር ውስጥ ሥር ለመስደድ ሁለት ሦስት ዓመት ትንሽ ነው።

ሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች። ከምርጫ በፊት አንድ የዩኒቨርሲቲው የፔዳ ግቢ ተማሪ ሊቀሰቅሳት መጥቶ እኔም እዚያው ተቀምጬ እበላ ነበር። ልጁ ጎበዝ ተናጋሪ ነው። ስለ ፌደራሊዝም አወራ፣ ስለ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አወራ። እሷ ዓሣውን እያገላበጠች ታዳምጠዋለች። ሲጨርስ "የኔ ልጅ፣ ካርድ የሚወጣው እስከ ስንት ሰዓት ነው? እኔ ይሄ ሳያልቅ ከዚህ አልነቃነቅም" አለችው። አያውቅም። "መታወቂያዬ የዘጌ ነው፤ እዚህ ያወጡልኛል?" አለችው። እሱንም አያውቅም። ሕጉ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ነው የሚጠይቀው፤ እሷ ደግሞ ከተማ ከገባች ቆይታለች። በራሪ ወረቀቱን ሰጥቷት ሄደ። ዓሣ ጠቀለለችበት።

ቅስቀሳ ማለት ያቺ ሴት የጠየቀችው ጥያቄ ነው። ካርድ መቼ ይወጣል፣ የት፣ ማን ሱቁን ይጠብቅልኛል፣ እናቴን ማን ያደርስልኛል። በ2013 ምዝገባው መጀመሪያ ላይ ቀዝቅዞ ቦርዱ ቀን እስከማራዘም ደርሷል። ያን ጊዜ ፌስቡክ ላይ ጦፎ የነበረውን ክርክር ብታዩ ግን አገሩ በሙሉ ካርድ ያወጣ ይመስል ነበር። ላይክ ኮሮጆ ውስጥ አይገባም፣ ልጆቼ። ቲክቶኩንም ቴሌግራሙንም አትተዉት፤ ብቻ ካርድ ያላወጣ ተከታይ መራጭ አይደለም።

ሥራው ከሩቅ ሲታይ ያስፈራል። ከቅርብ ሲያዩት ልክ አለው። በሕጉ አንድ ምርጫ ጣቢያ ቢበዛ 1,500 ሰው ነው የሚመዘግበው። 1,500 ሰው ማለት ሰፈር ነው። ሁለት ሦስት እድር፣ አንድ ወፍጮ ቤት፣ ጥቂት ባጃጅ ማቆሚያ። አስር ልጆች ቢካፈሉት ለአንዱ 150 ሰው ይደርሰዋል። 150 ሰው በስሙ ይታወቃል። ማን ካርድ አወጣ፣ ማን ታመመ፣ ማን "ምን ዋጋ አለው" ብሎ ተቀመጠ፣ በደብተር ይያዛል። የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ሲሆን ሄዳችሁ ከደብተራችሁ ጋር አመሳክሩት። ይህን ሥራ ሽማግሌዎች ቢሠሩት ደስ ባለኝ፤ ጉልበታችን አይፈቅድም፣ ደረጃ ይበዛበታል።

እንደ እምቦጭ ዘመቻው ግን እንዳይሆንባችሁ። ጣና ላይ አረሙ የመጣ ሰሞን ከየአቅጣጫው በአውቶቡስ ተሞልቶ የመጣው ወጣት ልብ ይነካ ነበር። ነቅሎ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ዘፍኖ ሄደ። ዘሩ ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ በቀጣዩ ዓመት ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚነቅለው የዳር ገበሬው ብቻውን ነበር። ምርጫ ሊደርስ ወር ሲቀረው ቲሸርት ለብሶ የሚመጣ ቀስቃሽም እንዲሁ ነው።

ምርጫ ጣቢያ ውስጥ ተቀምጦ ለፓርቲው ስለሚታዘብ ወኪል ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ጥቂት ሰዎች "ድምፃችን ተሰረቀ፣ ክሰስልን" ብለው መጡ። ፓርቲውን ልተወው። ማስረጃችሁ የታል አልኳቸው። ቆጠራው ጣቢያው ውስጥ ነው የሚካሄደው፤ ወኪሎች ቅጹ ላይ ይፈርማሉ፣ ያልተስማማም ቅሬታውን ያስመዘግባል፣ ውጤቱ እዚያው ይለጠፋል። የእናንተ ወኪል የፈረመበት ወይም የተቃወመበት ወረቀት አምጡ አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። ወኪሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ተቀምጦ፣ ማታ ቆጠራው ሊጀመር ሲል ወጥቶ ሄዷል። ለምን? ራበው። ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳን ያቀበለው የለም። አጠገቡ ለተቀመጠው ለሌላው ፓርቲ ወኪል ምሳም እራትም መጥቶለታል። እንግዲህ ይህን ለየትኛው ዳኛ ላቅርበው?

አሁን ወደ ውሉ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሰፈሩና ውሉ አንድ ጉዳይ ናቸው። ኬንያን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1992 (የኬንያው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) ፕሬዚዳንቱ ዳንኤል አራፕ ሞይ 36 በመቶ ገደማ ይዞ አሸነፈ፤ የተቀረውን ተቃዋሚዎቹ ተቀራመቱት። በ1997 እንደገና በ40 በመቶ። በ2002 ግን ተቃዋሚዎቹ ናርክ ብለው አንድ እጩ አቀረቡ። ራይላ ኦዲንጋ እኔ ካልሆንኩ ሳይል ከምዋይ ኪባኪ ጀርባ ቆመ። ኪባኪ ከመቶ 62 አገኘ። ለ39 ዓመት የገዛ ፓርቲ ወረደ። ደስ ይላል አይደል? ግን በጓዳ የተፈረመ የመግባቢያ ሰነድ ነበር፤ ለራይላ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሥልጣን ተስፋ የተሰጠበት። አልተፈጸመም። በ2005 ሕዝበ ውሳኔ ላይ ተፋጠጡ፤ ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ የፈሰሰውን ደም ዓለም አየው። እንደ ጠበቃ የሚቆረቁረኝ፣ ሰነዱ ሲጣስ የሚዳኝ ሦስተኛ ሰው አለመኖሩ ነው። የቤት ኪራይ ውል እንኳን ሽማግሌ ይጠራበታል።

ስለዚህ ስትጣመሩ ከመፈክሩ በፊት ይህን ጻፉ፦ በየምርጫ ክልሉ ማን ይቀርባል፣ ማን ይለቃል፣ የለቀቀው ምን ያገኛል፣ ገንዘቡን ማን ይይዛል፣ ስንጣላ ማን ይዳኘናል። ማን ይቅረብ የሚለውን ደግሞ ለሊቀ መንበሮቹ ብቻ አትተዉት። ሊቀ መንበር ሁሉ የራሱ ሰው የሚያሸንፍ ይመስለዋል። ደብተር የያዙትን ልጆች ጠይቁ። የሁለቱም ፓርቲ ልጆች አንድ ሰፈር ዞረው ከሆነ፣ እዚሁ ከተማችን፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር ላይ የማን እጩ ስሙ እንደሚታወቅ፣ አባይ ማዶ ላይ ማን በር እንደሚከፈትለት ያውቃሉ። አብረው ደረጃ የወጡ፣ አብረው ውሻ ያባረራቸው ልጆች አለቆቻቸው ቢኮራረፉ እንኳን ቶሎ አይለያዩም። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የተፈረመ አንድነት የሚፈርሰው ታች ያሉት ሰዎች ስለማይተዋወቁ ነው። ሁለት ድሃ ፓርቲ ለየብቻው ግማሹን ጣቢያ ያለ ወኪል ይተዋል። ተጋግዘው ግን ወኪሉንም እራቱንም ያዳርሱታል።

ከባዱ የሚመጣው እጩ በተለየ ማግስት ነው። የለቀቀው ሰው ቤቱ ይገባል፣ ስልኩን ያጠፋል፣ ዘመዶቹ "ለዚህ ነው የደከምከው?" ይሉታል። ደጋፊው ድምፁን እንደያዘ ይቀመጣል። ይህን ቀድማችሁ አስቡበት። የለቀቀው ሰው በነጋታው የተመረጠውን እጩ ይዞ በገዛ ሰፈሩ፣ በገዛ እድሩ፣ ሰንበቴው ላይ ቆሞ "ይኼ የኔ ሰው ነው" እንዲል በውሉ ላይ ይግባ። እምቢ የሚል ይኖራል። ደስ ሳይለውም ቢሆን ቃሉን ጠብቆ የሚዞር ግን አይጠፋም። እሱን ስሙን ጽፋችሁ ያዙትና በሚቀጥለው ምርጫ እሱን አቅርቡት።