ማርሴይ በባዶ ኪስ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ደቡብ ፈረንሳይ፣ የወደብ ከተማዋ ማርሴይ ስኖር ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያለ ሥራ ነው ያሳለፍኳቸው። ከተማውን ያወቅሁት ያኔ ነው፣ በእግሬ። ካፌ ለመቀመጥ አቅም ስላልነበረኝ ባሕሩ ዳር ድንጋይ ላይ እቀመጥ ነበር። ዛሬ ደመወዝ አለኝ፤ አሁንም እዚያው ድንጋይ ላይ ነው የምቀመጠው። «ልመጣ ነው፣ ብር ግን የለኝም» የሚለው ጥያቄ ስለበዛ ጠይቁኝ አልኩ። ጠየቃችሁ። ተራ በተራ ልመልስ።

ከሊዮን በባቡር ለአንድ ቀን ነው የምመጣው። ኪሴ ውስጥ 15 ዩሮ አለ። ከየት ልጀምር?

ከባቡር ጣቢያው ደረጃ ጀምር ወንድሜ። ሴን ሻርል ጣቢያ ከፍታ ላይ ነው ያለው። ከበሩ ስትወጣ 104 ደረጃዎች አሉ። ቶሎ አትውረድ፣ ላይ ትንሽ ቁጭ በል። ከቤቶቹ ጣሪያ ማዶ፣ ሌላ ኮረብታ ላይ ቤተ ክርስቲያን ይታይሃል። ጫፉ ላይ በወርቅ የተለበጠች እመቤታችን ልጇን ይዛ ቆማለች። የአገሩ ሰው «ላ ቦን ሜር» ይላታል፣ ደጓ እናት ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ መንገድ ሲጠፋህ ቀና ብለህ እሷን ፈልግ።

ከዚያ ቁልቁል ወደ ካንቢዬር ጎዳና፣ ካንቢዬርን ይዘህ እስከ አሮጌው ወደብ ውረድ። ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው፤ ለሜትሮ አትክፈል።

ጠዋት ከደረስክ ወደቡ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ አሉ። ያጠመዱትን ከጀልባ አውርደው እዚያው ይሸጣሉ። አንዳንዱ ዓሣ ገና ይንፈራገጣል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ ሳይ፣ ኦክቶፐሱ ከገበታው ጠርዝ ሊያመልጥ ሲል በግራ እጇ ትመልሰዋለች፣ በቀኟ ገንዘብ ትቀበላለች፣ ከጎረቤቷ ጋር የያዘችውን ወሬም አላቋረጠችም። ሩብ ሰዓት ቆሜ አየኋት። ማንም «ምን ፈለግህ?» አይልህም።

አጠገቡ በ2013 የተሠራ፣ እንደ መስታወት የተወለወለ ትልቅ የብረት ጣሪያ አለ። የነደፈው ኖርማን ፎስተር ነው። ከሥሩ ሆነህ ቀና ስትል ራስህንም ወደቡንም ተገልብጣችሁ ታያላችሁ። በፀሐይ ጊዜ ጥሩ ጥላ ነው።

የምመጣው በፍልሰታ ነው። የጾም ምግብ በርካሽ ይገኛል?

ይገኛል እህቴ፤ ደግሞ የምታውቂው ጣዕም ነው። ፓኒስ የሚሉት አለ። የሽንብራ ዱቄት እንደ ገንፎ ይገነፋና ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል። ከዚያ ተቆራርጦ በዘይት ይጠበሳል። ወተት የለውም፣ ቅቤ የለውም፣ እንቁላል የለውም። ሽሮ በልቶ ያደገ ሰው በአንድ ጉርሻ ይለየዋል። ጥሩው ያለው ሌስታክ ነው፣ ከከተማው በስተሰሜን ያለ የባሕር ዳር ሰፈር። ሠዓሊው ሴዛን ደጋግሞ የሣለው ሰፈር ነው። ከባሕሩ ዳር ካሉት ትንንሽ ሱቆች በወረቀት ጠቅልለው ይሰጡሻል። ዘይቱ ዓሣ የጠበሱበት እንዳይሆን ግን ጠይቂ።

ለቀረው ኖዋይ ገበያ ሂጂ። ካንቢዬር አጠገብ ነው። ወይራ፣ ቴምር፣ ቲማቲም፣ ከምድጃ የወጣ ቂጣ፤ ሁሉም በዓይነት በዓይነቱ ነው። ሻጮቹ አልጄሪያዊ፣ ቱኒዝያዊ፣ ኮሞሮሳዊ ናቸው። ሊዘጉ ሲሉ ሂጂ፣ ዋጋው ያኔ ይወርዳል። ስትገቢ «ቦንዡር» ማለት እንዳትረሺ። እዚህ ሰላም ሳይሉ ዋጋ መጠየቅ ነውር ነው።

ኦገስት 15 ደግሞ ካቶሊኮቹ የእመቤታችንን ዕርገት ያከብራሉ። ከላ ማዦር ካቴድራል ተነስተው ሐውልቷን ተሸክመው በአሮጌው ሰፈር በሌ ፓኒዬ ጠባብ መንገዶች ይዞራሉ። በእኛ ጾም መሀል ላይ ስለሚውል ሁልጊዜ እሄዳለሁ። ሆድ ያባባል።

ቡያቤዝ ሳልበላ ብመለስ ምን ይቀርብኛል?

ምንም። ድሮ አጥማጆች ያልተሸጠላቸውን ዓሣ የሚቀቅሉት ሾርባ ነበር። ዛሬ በደንብ የተሠራው በጣም ውድ ነው። በርካሽ የሚቀርበው ደግሞ ባትበላው ይሻላል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ወደቡ ፊት ለፊት ከአንዱ ቤት ገብቼ የሳምንት ቀለቤን አስረክቤ ወጥቻለሁ።

ሁለት ልጆች ይዤ ነው። ሙዚየም አይከብደኝም?

አይከብድሽም። የከተማው አስተዳደር ሙዚየሞች ቋሚ ስብስባቸውን በነጻ ነው የሚያሳዩት። ሰኞ ዝግ ናቸው።

አንዱን ብቻ ምረጪ ካልሽኝ ሌ ፓኒዬ ውስጥ ያለውን ቪዬ ሻሪቴን እልሻለሁ። በ17ኛው መቶ ዘመን የተጀመረ ባለ ሦስት ፎቅ ድንጋይ ቤት ነው። ግቢውን ከአራት በኩል ከቦታል፣ መሀሉ ላይ ጉልላት ያለው ጸሎት ቤት አለ። የተሠራው ለማኞችንና ድሆችን ከመንገድ ለቅሞ ለመዝጋት ነበር። በር የተዘጋባቸው ድሆች የተመላለሱበት በረንዳ ላይ ዛሬ ሳንቲም ሳትከፍዪ ትሄጃለሽ። ይህ ነገር ያለ ሥራ በነበርኩበት ጊዜ በጣም ነክቶኝ ነበር፤ ዛሬም እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው እዚያ ነው። ውስጡ የጥንት ግብፅ ዕቃዎች አሉ። አስከሬን ያረፈባቸውን ሣጥኖች ልጆች ይወዷቸዋል።

ሙሴም የሚባለው አዲሱ ትልቅ ሙዚየም ኤግዚቢሽኑ ይከፈልበታል፣ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ግን ነጻ ነው። ከእሱ ጋር በድልድይ የተያያዘው የሴን ዣን ምሽግና የአትክልት ቦታው ደግሞ ሁልጊዜም ነጻ ነው። ድልድዩ ቀጭን ነው፣ ከሥሩ ባሕር ነው። ልጆቹን እጃቸውን ያዢ።

ዕድሜዬ ስድሳ አምስት አልፏል። ልጄ ጋ ስመጣ መሳለሚያ ቦታ አለ?

አለ ጋሼ። ላ ቦን ሜር ዳገት ስለሆነች ከወደቡ 60 ቁጥር አውቶቡስ ይያዙ። መግቢያ አይከፈልም። ውስጡ ከጣሪያው ላይ ትንንሽ መርከቦች በክር ተንጠልጥለዋል፣ ከማዕበል የተረፉ መርከበኞች ስለት ነው። ግድግዳው በእብነ በረድ ጽሑፍ ተሞልቷል፤ አብዛኛው «አመሰግናለሁ» ብቻ ነው የሚለው። በውጭ በኩል በ1944 ጦርነት የተመታበት የጥይት ምልክት ይታያል።

ሴን ቪክቶርን ግን እንዳያልፉት። በ5ኛው መቶ ዘመን ዮሐንስ ካሲያን የሚባል መነኩሴ እንደመሠረተው የሚነገር ገዳም ነው። ካሲያን እዚህ ከመምጣቱ በፊት በግብፅ፣ በአስቄጥስ በረሃ ከአባቶች ጋር ለዓመታት ኖሯል። የእኛም ምንኩስና ምንጩ ያው በረሃ ነው፣ እነ እንጦንስና መቃርስ። ቤተ ክርስቲያኑ ነጻ ነው፤ ወደ ምድር ቤቱ ለመውረድ ትንሽ ይከፈላል። ይክፈሉ ጋሼ። ያለ ቅሬታ የምከፍለው ገንዘብ ይህ ነው።

መዋኛ?

ካታላን የምትባለው የባሕር ዳርቻ ከወደቡ በእግር 20 ደቂቃ ነው፣ ትንሽ ስለሆነች ትጨናነቃለች። ፕራዶ ሰፊ ነው፣ 83 ቁጥር አውቶቡስ ይወስድሃል። ሚስትራል የሚሉት የሰሜን ነፋስ ሲነሣ ባሕሩ በሐምሌም ይቀዘቅዛል፤ ያን ቀን ተወው።

ካላንክ በእግር ይደረሳል? ብቻዬን ነኝ።

ይደረሳል። ካላንክ ማለት ነጭ የድንጋይ ገደል መሀል የገባ ባሕር ነው። ከ2012 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። ከካስቴላን ሜትሮ ወደ ሉሚኒ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዢ፣ መጨረሻው ላይ ውረጂ። ከዚያ እስከ ሱጊቶን ባሕር 45 ደቂቃ ያህል ነው።

ሦስት ነገር ልንገርሽ። በሰመር ወደ ሱጊቶን ለመውረድ ቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ነጻ ነው፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ነፋስና ድርቅ በበረታበት ቀን እሳት ስለሚፈራ መንገዱ ይዘጋል፣ ከመነሣትሽ በፊት አጣሪ። ሦስተኛው ውሃ ነው። መንገዱ ላይ ምንጭ የለም። እኔ በሐምሌ ግማሽ ሊትር ይዤ ወርጄ ስመለስ ዳገቱ ላይ ዓይኔ ጨለመ። የማላውቃት ሴት ጥድ ሥር አስቀምጣ የራሷን ውሃ አጠጣችኝ። ሁለት ሊትር ያዢ፣ ከባድ ነው አትበዪ።

ሐረር ነው ያደግሁት። ራምቦ የሞተው ማርሴይ ነው ይባላል። የሚታይ ነገር አለ?

አለ ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር ቡናና ቆዳ ሲነግድ ጉልበቱ ታመመ። በ1891 ሚያዝያ ላይ 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ዘይላ ወደብ ወሰዱት። ከዚያ በየመኗ ኤደን በኩል በመርከብ ማርሴይ ደረሰ። ግንቦት ላይ ኮንሴፕስዮን ሆስፒታል እግሩን ቆረጡት፣ ኖቬምበር 10 ቀን እዚያው ሞተ። 37 ዓመቱ ነበር።

ሆስፒታሉ ዛሬም ይሠራል። የመታሰቢያ ጽሑፍ አለው። ሕሙማን ያሉበት ስለሆነ በጸጥታ አይተህ ውጣ። ሌላው ፕራዶ ባሕር ዳር ነው፤ ቅርጻ ቅርጽ ሠሪው ዣን አማዶ ለመታሰቢያው ያቆመው፣ የተሰባበረ ጀልባ የሚመስል ሐውልት። ልጆች ይንጠላጠሉበታል፣ ዋናተኞች ፎጣ ያሰጡበታል። የሐረር ሰው መጥቶ አጠገቡ ሲቆም አንዴ አይቻለሁ፤ ብዙ ሳይናገር ድንጋዩን በመዳፉ ነክቶ ሄደ።

ማደሪያስ?

እውነቱን ልንገርህ፤ ገንዘብህን ለዚህ አስቀምጥ። የጋራ ክፍል ያለው ሆስቴል ቀድመህ ያዝ። ባሕር ዳር አድራለሁ አትበል፣ ዕቃህን ታጣለህ። ወደቡ አካባቢም ስልክህን የኋላ ኪስ አታድርግ።

ማታ ላይ ምን ይደረጋል? ሁሉም ሬስቶራንት ሲቀመጥ እኔ ወዴት ልሂድ?

ወደ ኮርኒሽ ሂጂ። በባሕሩ አናት ላይ የሚሄድ መንገድ ነው። ዳር ዳሩን ኪሎሜትሮች የሚረዝም አንድ ወጥ የሲሚንቶ አግዳሚ አለው። ከኖዋይ የገዛሽውን ቂጣና ወይራ ያዢ። ፀሐይዋ ከፍሪዩል ደሴቶች ኋላ ስትገባ አግዳሚው ይሞላል። ሽማግሌው፣ ፍቅረኛሞቹ፣ ኳስ የያዙ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ቦታ ሲጠብ ሰው ጠጋ ይልልሻል። ከቪላዎቹ ሰገነት የሚታየው ባሕር ይኸው ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ከማልሙስክ ሰፈር ከፍ ብሎ አለሁ፤ አማርኛ ከሰማሁ እጠራሻለሁ።