ድህነቱ በግማሽ ወረደ፣ የድሆቹ ቁጥርስ?

የኢትዮጵያ ድህነት ከ45.5 ወደ 23.5 በመቶ ወርዶ የድሆች ቁጥር ለምን በግማሽ አልቀነሰም ላልሽው፣ መልሱ የሕዝብ ብዛት ነው።

በ1988 ዓ.ም. ሕዝቡ 56 ሚሊዮን ገደማ ነበር። 45.5 በመቶው ወደ 25 ሚሊዮን ተኩል ይመጣል። በ2008 ሕዝቡ 93 ሚሊዮን አካባቢ ደርሷል፤ 23.5 በመቶው ወደ 22 ሚሊዮን ነው። ድርሻው በግማሽ ወረደ፣ የድሆቹ ቁጥር ግን የቀነሰው በሦስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ብቻ ነው።

ለጽሑፍሽ ከዚህ የሚበልጠው የከተማና የገጠር ልዩነት ይመስለኛል። ከ2003 እስከ 2008 የከተማው ድህነት ከ25.7 ወደ 14.8 በመቶ ወረደ። የገጠሩ ከ30.4 ወደ 25.6 ብቻ። አብዛኛው ሕዝብ ያለው ደግሞ ገጠር ነው። እኔ ብሆን እዚህ ላይ ነበር የማተኩረው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። እነዚህ ቁጥሮች የተለኩት በአገሪቱ የራሷ የድህነት መስመር (ከዚያ በታች የሚያወጣ ሰው ድሃ የሚባልበት የገንዘብ ልክ) ነው፤ በ2008 ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር። የዓለም ባንክ በዶላር የሚለካው ሌላ ነው። እኔ ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ቀላቅዬ አማካሪዬ ምዕራፉን በሙሉ መልሶብኛል። ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ በየትኛው መስመር እንደተለካ ጻፊ።