ግራ እጃችሁ ምን ይበል? ለፒያኖ ተማሪዎች

ፒያኖ የምትማሩ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ክላሲካል ላይ ልበርታ ወይስ የአገሬን ሙዚቃ ልጫወት?» ዕድሜዬን በመድረክና በማስተማሪያ ክፍል ከዚሁ መሣሪያ ጋር ስለጨረስኩ መልስ አለኝ፤ ሁለቱንም። ደስ አላችሁ አይደል? ቆዩ። ሁለቱንም ስል ሁለቱንም በደንብ ማለቴ ነው። ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ጋ ነው።

በየሠርጉና በየሆቴሉ የምንሰማውን እናንሳ። ቀኝ እጅ ትዝታን ይጫወታል። ግራ እጅ ከመጽሐፍ የተማረውን የአውሮፓ ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ድምፆችን፣ ያስከትላል። ሰው ያጨበጭባል። ጆሮው በቅኝት፣ ማለትም በዜማችን የአምስት ድምፅ ሥርዓት፣ የተገራ ሰው ግን ፊቱን ቅጭም ያደርጋል። ለምን መሰላችሁ? ትዝታ ሜጀርን ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋና ሲ የሉበትም። የአውሮፓ ሙዚቃ ደግሞ ወደ ዶ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ በሶል ሰባት ኮርድ (ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ) ነው፤ የዚያ ኮርድ ጭንቀት ሁሉ ያለው በፋና በሲ መካከል ነው። ልክ ቅኝቱ የተዋቸው ሁለት ድምፆች ማለት ነው። ያንን ኮርድ ከሥሩ ስታስገቡ፣ ተረጋግቶ ይሄድ የነበረውን ዜማ ወደ ቤትህ ግባ እያላችሁ ታጣድፉታላችሁ።

አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ላይ ስትደርሱ ነገሩ ይብሳል። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ (ፍላት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው)። ሚም የለ፣ ሶልም የለ፤ ስለዚህ ዶ ላይ የሚቆም የለመዳችሁት ኮርድ አይገኝም። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ደግሞ ጣቱን አንሸራቶ በሁለት ቁልፎች መካከል ያለ ድምፅ ያወጣል። ፒያኖ መካከል የለውም። ይህን የምነግራችሁ ተስፋ እንድትቆርጡ አይደለም። ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ሳያውቁ «አዋህጃለሁ» የሚሉ ሰዎች ስለበዙ ነው።

እና ግራ እጅ ምን ያድርግ? እኔን የረዳኝ፣ ትገረሙ ይሆናል፣ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባክ ነው። 15ቱን ባለ ሁለት ድምፅ ኢንቬንሽኖች፣ እነዚያን አጫጭር የልምምድ ድርሰቶቹን፣ ታውቋቸዋላችሁ፤ ባትወዷቸውም መምህር ያስገድዳችኋል። እዚያ ውስጥ ግራ እጅ አጃቢ አይደለም። የራሱ ዜማ አለው፤ ይጠይቃል፣ ይመልሳል፣ አንዳንዴም ይቀድማል። ይህን በጣታችሁ ከለመዳችሁ በኋላ ወደ ትዝታ ተመለሱና ግራ እጃችሁን ከኮርድ ነፃ አውጡት። እንደ ክራር የቅኝቱን ድምፆች አንድ በአንድ ይምታቸው። ወይም እንደ በገና ዝቅ ብሎ አንድ ድምፅ ይደጋግም። ወይም ዝም ይበል፣ ዝምታም ይፈቀዳል። የሚገርመው፣ የአገራችሁን ዜማ ሳትጎዱ ለመጫወት የሚያስችላችሁን የእጅ ነፃነት የሚሰጣችሁ ያ የምታማርሩበት የጀርመን ልምምድ ነው።

ፒያኒስቷን መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን በትኩረት ስሙ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ በኋላ ካይሮ የአውሮፓን ሙዚቃ ተምረው፣ ግሼን ማርያም ገዳም ገብተው መነኮሱ። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ ወጣ። በ2023 ኢየሩሳሌም ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር። ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) አስቀምጣችሁ አብራችሁ ለመጫወት ሞክሩ፤ አትችሉም። ዜማው እንደ ሰው ትንፋሽ ይረዝማል፣ ያጥራል። ፒያኒስቱን ግርማ ይፍራሸዋንም ስሙ። ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ከተማ ተምረው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተማሩ ናቸው፤ የአውሮፓውያንን ሥራና በእኛ ቅኝት የደረሱትን በአንድ መድረክ ያቀርባሉ። የሁለቱ መንገድ ለየቅል ነው። ኮፒ አታድርጓቸው፣ ግን ግራ እጃቸው ምን እንደሚል ጻፉ።

«ሾፐን የእኛ አይደለም» እያሉ ፖላንዳዊውን የፒያኖ ደራሲ የሚያርቁባችሁን ደግሞ ስለ ፒያኒስቱ ፉ ትሶንግ ንገሯቸው። ሻንጋይ የተወለደ፣ አባቱ የቻይናን ጥንታዊ ጽሑፎች ቤት ውስጥ ያስጠኑት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ዋርሶ በተካሄደው የሾፐን ውድድር ሦስተኛ ወጣ፤ ማዙርካን በማሳመር የሚሰጠውንም ሽልማት ወሰደ። ማዙርካ እኮ የፖላንድ ገበሬ ጭፈራ ነው! ፖላንዶች ፊት ነው ያሸነፈው።

እኔ የተማርኩት ቡዳፔስት ስለሆነ ስለ ሃንጋሪው የሙዚቃ ደራሲ ባርቶክ ካልተናገርኩ አይሆንልኝም። ባርቶክና የአገሩ ልጅ ደራሲው ኮዳይ ፎኖግራፍ (የዱሮ ድምፅ መቅጃ) ተሸክመው በየመንደሩ እየዞሩ የገበሬ ዘፈን ይቀዱ ነበር፤ ከዚያ ቤታቸው ገብተው እያንዳንዷን ጌጥና መንሸራተት በኖታ ይጽፋሉ። ባርቶክ በቡዳፔስቱ አካዳሚ ለብዙ ዓመታት ያስተማረው ፒያኖ ነው፤ ድርሰት ማስተማር አልፈለገም። ሚክሮኮስሞስ የሚባሉት ስድስት መጻሕፍቱ 153 አጫጭር ሥራዎች ይዘዋል፤ የመጀመሪያዎቹን ልጁ ፔተር ተምሮባቸዋል። ሁለቱ እጆች አንድ ላይ ከሚጫወቱት ቀላል ዜማ ተነስተው፣ መጨረሻ ላይ በቡልጋሪያ ምት የሚጨፈር ጭፈራ ላይ ይደርሳሉ። ኢንቬንሽኖቹም ቢሆኑ ባክ ለልጁ ማስተማሪያ ባዘጋጀው ደብተር ውስጥ ነው የጀመሩት። አያችሁ፣ ታላላቆቹ ሥራዎች የወጡት ከትምህርት ክፍል ነው።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ብዙዎቻችሁ ማስተማርን መድረክ ያልተሳካለት ሰው መጠጊያ አድርጋችሁ ታዩታላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በኮንሰርት ብቻ የሚኖር ፒያኒስት ለማግኘት ብትዞሩ እግራችሁ ይቀጥናል። ሌላ ቦታም ቢሆን እንጀራው ማስተማርና ዘፋኝ ማጀብ ነው። ግን ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። የስምንት ዓመት ልጅ «ለምን እዚህ ጋ ፔዳል ይረገጣል?» ብሎ ሲጠይቅ የምታውቁትና የማታውቁት ይለያል። እኔ ስለ ባቲና አምባሰል ቅኝቶች የማውቀውን አብዛኛውን ያጠራሁት ለልጆች ለማስረዳት ስሞክር ነው። ሆቴል መጫወትንም አትናቁ፤ ማንም በማይሰማበት አዳራሽ በንጽህና መጫወት ትልቅ ትምህርት ነው። ክፍያውን ግን ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩ። (ይህቺን ምክር በወጣትነቴ የነገረኝ አልነበረም።)

ኖታ ማንበብ ለሚያስጠላችሁ ሌላ ነገር ልበል። የእኛ ሊቃውንት ለዜማ ምልክት አላቸው፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት እያሉ ከፊደሉ በላይ ይጽፋሉ። ግን አንድም ደብተራ ከምልክቱ ብቻ አልተማረም። መምህሩ ያዜማል፣ ተማሪው ይከተላል፣ ለዓመታት። ሾፐንንም ትዝታንም እንደዚሁ ያዙ፤ ወረቀቱ ያስታውሳችኋል እንጂ አያዜምላችሁም። ስለዚህ ከመጫወታችሁ በፊት ዝፈኑት። ድምፄ አያምርም ማለት አይሠራም፣ የእኔም አያምርም።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ላላችሁ አንድ ቃል። እናንተ ጥሩ መምህርና ጥሩ ፒያኖ አላችሁ፤ የሚጎድላችሁ ጆሮ የሚሞላ ድምፅ ነው። በስልክ ከሚመጣው የታመቀ ሙዚቃ ይልቅ ክራር የሚመታ ሰው አጠገብ ቁጭ በሉ። በየከተማችሁ አይጠፋም፤ በዓል ሲመጣ አጠያይቁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ መሣሪያውን ጠብቁት። ፒያኖ ውስጡ እንጨትና ከሁለት መቶ በላይ ክር ነው፤ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ክረምት ሲረጥብ ያብጣል፣ ከቅኝቱም ይወጣል። ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቁት፣ ቃኚ ስታገኙ ዛሬ ነገ አትበሉ።

አሁን የቤት ሥራ። የምትወዱትን አንድ ትዝታ ምረጡ። ከኢንተርኔት ኖታ አታውርዱ፣ በጆሯችሁ አውጡት። የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ። ቀኝ እጁ እንደ ዘፋኙ እስኪተነፍስ ድረስ ግራ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ አንድ ድምፅ ጨምሩ፣ አንድ ብቻ፣ ከቅኝቱ ውስጥ። ሲስማማችሁ ሁለተኛ። ከዚያ ፒያኖ ለማያውቅ ግን ትዝታ ለሚያውቅ ሰው፣ ለአያታችሁ ይሁን ለጎረቤት፣ አጫውቱለት። «ጎበዝ» ካላችሁ ገና ይቀራችኋል። ማንጎራጎር ከጀመረ ሁለተኛውን ስንኝ ቀጥሉ።