ምስሉ «ይተነብያል»፣ «ይጠቁማል» ወይስ «ያረጋግጣል»?

ጥያቄ፦ ስለ ጉበት ካንሰር ሳነብ «ወራሪ ያልሆነ ምስል የካንሰሩን ጠበኝነትና ትንበያ ይተነብያል» የሚል ዓረፍተ ነገር ገጠመኝ። ቃላቱ አማርኛ ናቸው፤ ሐሳቡ ግን አልገባ አለኝ። እንዴት ቢባል ይሻላል?

መልስ፦ ባይገባዎት አይፈረድም። በአማርኛ የሚወርረው ጠላት ነው፣ አንበጣ ነው፣ አረም ነው። ምስል አይወርርም። «ወራሪ ያልሆነ» የተባለው ሰውነትን ሳይቆርጡ ወይም ለምርመራ ናሙና ሳይወስዱ የሚነሣ ለማለት ነው። እዚህ መውረር የሚያውቀው ካንሰሩ ራሱ ነው። ብዙዎች «ያለ ቀዶ ጥገና» ብለው ይተኩታል፤ እሱም ልክ አይመጣም። የጉበት ናሙና ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው በመርፌ ነውና። «ሳይወጋ» ማለትም አይሆንም፤ ዕጢው ጎልቶ እንዲታይ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ። እኔ የምመርጠው «ከጉበቱ ናሙና ሳይወሰድ» ነው።

«ጠበኛ» የምንለው ጠብ የሚወድ ሰውን ነው። «አደገኛ» ቢባልስ? አደገኛ ዕጢ ማለት ካንሰር ማለት ስለሆነ አንዱን ካንሰር ከሌላው አይለይልንም። ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው ዕጢው ፈጥኖ ያድጋል ወይ፣ ይሰራጫል ወይ፣ ታክሞ ይመለሳል ወይ የሚለውን ነው። እንዲሁ በግሥ ይነገር።

ትልቁ ጉዳይ ግን «ይተነብያል» ላይ ነው። እያንዳንዱ ግሥ የራሱ የእርግጠኝነት መጠን አለው፤ በጤና ጽሑፍ ደግሞ ይህ ልዩነት ከባድ ነው። ካንሰሩ ጉበት ውስጥ ወዳለ ትልቅ የደም ሥር ከገባ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ «ያሳያል»፤ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ እየሆነ የሚጠነክርበት በሽታ) ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ያ መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ አንድ ዕጢ መጀመሪያ ደምቆ፣ ቆየት ብሎ ከዙሪያው ጉበት ይልቅ ከደበዘዘ፣ ሐኪሞች ሌሎች መስፈርቶችንም አይተው ያለ ናሙና ካንሰር ነው ብለው ሊወስኑ ይችላሉ። እዚህ «ያረጋግጣል» ቢባል አልከራከርም።

ካንሰሩ ወደ ጥቃቅን የደም ሥሮች መግባቱ ግን ሌላ ነው። እሱ የሚታየው በማይክሮስኮፕ ብቻ ነው፤ የሚረጋገጠውም ዕጢው ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ነው። ምስሉ ላይ የዕጢው ጠርዝ ወጣ ገባ ከሆነ፣ ወይም በዙሪያው ያለው የጉበት ክፍል ከደመቀ፣ ሐኪሞች ይጠረጥራሉ። ስለዚህ ምስሉ «ይጠቁማል»። ኮምፒውተር ምስሉን ተንትኖ ቁጥር ሲያወጣም ያው ነው፤ ዕድሉን «ይገምታል» እንጂ አያረጋግጥም።

እኔ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦ «ከጉበቱ ናሙና ሳይወሰድ በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ የሚነሣ ምስል፣ ካንሰሩ ምን ያህል ፈጥኖ ሊያድግና ሊሰራጭ እንደሚችል፣ የታማሚው የወደፊት ሁኔታም ምን ሊመስል እንደሚችል ፍንጭ ይሰጣል።» ረዘመ፤ ግን ይገባል።

«ሊያድግ»፣ «ሊሰራጭ»፣ «ሊመስል» ላይ ያለችውን «ሊ» ደግሞ አደራ፣ ለማሳጠር ብለው እንዳያወጧት። የታማሚው የወደፊት ሁኔታ በዕጢው መልክ ብቻ አይወሰንም። የተረፈው ጉበት ምን ያህል እንደሚሠራ፣ የሰውየው አቅም፣ የሚያገኘው ሕክምናም ይወስኑታል። ጽሑፉን የሚያነበው ታማሚው ራሱ ሊሆን ይችላል፤ «ይተነብያል» ሲባል ጉዳዩ ያለቀ ሊመስለው ይችላል።